ገጽ ዘጠና ሰባት

በየወሩ መጀመሪያ ለአንባቢዎቻችንና ለጸሐፊዎቻችን በስልክ ቻናላችን የምንልከው ደብዳቤ አለ። «ዜናና ምክር» ነው የምንለው። ዜናው አጭር ነው፤ ምን እንዳሳተምን፣ ምን እንደዘገየብን፣ የትኛው መጽሐፍ ባቱ ወይ ሻሸመኔ እንደደረሰ። ምክሩ ግን ይረዝማል። ምክር ከጀመርኩ ማቆም አልችልበትም። ባለቤቴ «አንቺን መንገድ የጠየቀ ሰው የሕይወት ታሪኩን ሳታርሚለት አትለቂውም» ይለኛል፤ እኔም አልክድም።

በዚያ ደብዳቤ ላይ ደጋግሜ ከጻፍኳቸው ምክሮች አንዱ እንዲህ የሚል ነበር፤ መጽሐፋችሁ ከማተሚያ ቤት ሲመጣ በሽፋኑ ተደስታችሁ አትቅሩ፣ መሐሉን ከፍታችሁ አንብቡት። ይህን ለስንት ደራሲ እንደመከርኩ እንጃ። እኔ ራሴ ያላደረግሁበትን ቀን ግን የለበስኩትን ልብስ ጭምር አስታውሳለሁ።

መጀመሪያ ማን እንደሆንን ልናገር። አሳታሚ ድርጅታችን የሚባለው አዳማ ውስጥ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር በላይ ያለ አንድ ክፍል ነው። ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒዩተር፣ ሲዞር የሚያቃስት አንድ ቬንትሌተር አለን። ሠራተኞቹ ሁለት ነን፤ ጽሑፍ የማርመው እኔ፣ ገጽ የምታቀናብረው ደግሞ ጓደኛዬ። እሷ ከሰው ሁሉ ጋር በአማርኛ ረጋ ብላ የምታወራ ሴት ናት፤ እኔ ላይ ስትናደድ ብቻ ወደ ኦሮምኛዋ ትዞራለች፣ ያኔ ነገሩ መክረሩን አውቃለሁ። ደረጃውን ወጥቶ የሚመጣ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀን «ማሽኑ የት አለ?» ብሎ ነው። ማሽን የለንም። የምናሳትመው አዲስ አበባ ልከን ነው። ያለን ዓይን ነው፤ እሱም አንዳንዴ ይከዳናል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንድ ሽማግሌ ደረጃውን ቀስ እያሉ ወጡ። ኮት ለብሰዋል። በአዳማ ሙቀት ኮት የሚለብስ ሰው ወይ ሽማግሌ ነው፣ ወይ ቀዝቀዝ ካለ አገር የመጣ ነው። እሳቸው ሁለቱም ነበሩ፤ ከአርሲ ነገሌ የመጡ ጡረተኛ መምህር። ከኮታቸው ደረት ኪስ ቀይ እስኪሪብቶ ብቅ ብሏል። በፌስታል የያዙትን ስድስት ደብተር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና «ትችት አልፈራም፣ መዘግየት ግን እፈራለሁ፤ ዕድሜዬን እያየሽው ነው» አሉኝ።

በሦስት ቀን አነበብኩት። ሥራዬን የምወደው እንዲህ ላሉት ቀናት ነው። ሰው ሁሉ የሚጽፍልኝ ስለ ትልልቅ ነገር ነው፤ እሳቸው የጻፉት ስለ ክፍል ውስጥ ነበር። መጀመሪያ አቦምሳ ተመድበው ሲያስተምሩ ሙቀቱ ጠመኔውን እጃቸው ላይ እንዴት በላብ እንደሚያላቁጠው፤ ቆርቆሮውን ዝናብ ሲመታው ድምፅ ስለማይሰማ ትምህርቱ በሰሌዳ ብቻ ዝም ተብሎ እንዴት እንደሚቀጥል፤ ሕፃናቱ በቀይ እስኪሪብቶ «ራይት» የተደረገበትን ደብተር ይዘው እስከ ቤታቸው እንዴት እንደሚሮጡ። እየሳቅሁ ለጓደኛዬ ጮክ ብዬ አነብላት ነበር። እሷም ኮምፒዩተሯን ትታ ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች። ያን ጊዜ መጽሐፍ እንዳገኘን አወቅሁ።

አራተኛው ደብተር ላይ ግን አንድ ምዕራፍ ከሌላው ጋር አልሄድ አለኝ። ስለ እህታቸው ነበር። አባታቸው በሞቱ ጊዜ እሳቸው ገና አዲስ መምህር፣ እህታቸው ደግሞ ስምንተኛ ክፍል ነበሩ፤ ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣ ልጅ። አብረው መኖር በጀመሩ በጥቂት ወራት ውስጥ አንድ ጠዋት «ከዛሬ ጀምሮ ትምህርት ቤት አትሄጂም» አሏትና ቀረች። ለሰው ሁሉ ደመወዜ ለሁለት አልበቃ አለ ብለው ተናገሩ። ምዕራፉ ውስጥ እውነቱን ጽፈውታል። ደመወዛቸው በቅቶ ነበር። ከክፍል ሲመለሱ ትኩስ ምሳ እንዲጠብቃቸው ፈልገው ነው።

ምክር የማልችልበት ጊዜ የለምና መከርኳቸው።

«ጋሼ፣ ይቺን ምዕራፍ ብናወጣት ምን ይመስልዎታል? መጽሐፉን ታዘገየዋለች።»

«ምኑን ነው የምታዘገየው?»

«ታሪኩን። አንባቢው ክፍል ውስጥ እየሳቀ ተቀምጦ በድንገት ወጥ ቤት ያስገቡታል።»

«እሷንም ያስገባኋት እንደዚያው በድንገት ነው» አሉ። ቀጥለውም መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ሌላውን ሁሉ ብታወጪው አልቀየምሽም። መጽሐፉን የጻፍኩት ለዚህች ምዕራፍ ነው። እህቴ እንድታነባት ነው። ብቻዋን ማውጣት ስለፈራሁ አምስት ደብተር ዙሪያዋን ሞላሁበት።»

«ታዲያ ለምን አይነግሯቸውም? አንድ ከተማ ውስጥ አይደል የምትኖሩት?»

«የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። እሷ እህል ተራ ትሸጣለች። ለቅሶ ላይ እንገናኛለን፣ ሰርግ ላይ እንገናኛለን፣ ጤና እንጠያየቃለን። ቤቴ ግን ረግጣው አታውቅም፣ እኔም ደጇ ደርሼ እመለሳለሁ። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ቤት እየዞርኩ ሴት ልጅዎን ትምህርት ቤት ይላኩ ብዬ አባቶችን ስማጸን ኖሬአለሁ። እሷ ይህን ሁሉ ታያለች። አፌ እምቢ አለኝ። በጽሑፍ ግን እችላለሁ።»

አፈርኩ። ምዕራፉ መውጣቱ ቀርቶ የመጽሐፉ እንብርት ሆነ። እንዲያውም ከማፈሬ የተነሳ ከልክ በላይ ተንከባከብኩት፤ ጥፋቱም ከዚያው መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማተሚያ ቤት መጽሐፍን ገጽ በገጽ አይሰበስብም። በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ አሥራ ስድስት ገጽ ያትምና ያጥፈዋል፤ ከዚያ እጥፎቹን በተራ ደራርቦ በሙጫ ይጠርዛቸዋል። ጓደኛዬ ገጹን ስታቀናብር የእህትየው ምዕራፍ ገጽ ዘጠና ሰባት ላይ ጀመረ። ዘጠና ሰባት ማለት የሰባተኛው እጥፍ የመጀመሪያ ገጽ ነው። መጨረሻው ግን ሁለት መስመር ተርፎ ወደሚቀጥለው እጥፍ ገባ።

«ሁለት መስመር እንቀንስና አንድ እጥፍ ላይ ይለቅ» አልኳት።

«ምን ያደርግልሻል? አንባቢ እጥፍ አይቆጥርም» አለች።

«ያምራል።»

ደራሲውን አስፈቅጄ ሁለት መስመር አወጣሁ። ምዕራፉ ከዘጠና ሰባት እስከ መቶ አሥራ ሁለት፣ በአንድ እጥፍ ላይ ልክ እንደ ተለካ ልብስ ገባ። ያን ቀን እንዴት እንደተደሰትኩ ሳስበው አሁን ያናድደኛል። ያንን እንብርት በገዛ እጄ ከሌላው ለይቼ፣ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ሊያነሳው በሚችል መልክ አዘጋጅቼው ነበር።

መጽሐፉ በሚኒባስ ከአዲስ አበባ መጣ። ሣጥኑን መናኸሪያው ላይ ነው የቀደድኩት፤ ቢሮ እስክንደርስ መታገሥ አቃተኝ። ሽታው። አዲስ መጽሐፍ ሽታ የማይወድ ሰው አላምንም። ሽፋኑ እንደተመኘነው ወጥቷል፤ ሰማያዊ መደብ፣ በላዩ የጠመኔ አቧራ የመሰለ ነጭ ፊደል። የገጹን ጥግ በአውራ ጣቴ እያሯሯጥኩ ቁጥሩን አየሁ። ዘጠና አምስት፣ ዘጠና ስድስት፣ ዘጠና ሰባት፣ ዘጠና ስምንት። አልተዛነፈም። እዚያው ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ዜናውን ለአንባቢዎቻችን ላክሁ፤ ከዜናውም ሥር ምክር ጨመርኩ። ስለ ትዕግሥት ነበር።

አሁን ስለ ቤታችን ልማድ ልንገራችሁ። የመጽሐፍ ምርቃት ላይ መጽሐፉን ያላነበቡ ሰዎች ሁለት ሰዓት ሲናገሩ ማዳመጥ ሰልችቶኝ ነበር። ስለዚህ እኛ ስናስመርቅ ንግግር የለም። አዳራሹ ውስጥ ያለ ማንም ሰው ተነሥቶ የገጽ ቁጥር ይጠራል፣ ደራሲው ከፍቶ ከዚያ ገጽ ያነባል። ደራሲዎች ይህን ልማድ ሲሰሙ ይደነግጣሉ። ሕዝቡ ግን ይወደዋል፤ ልጅ ሆኖ ዕጣ እንደማውጣት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሣጥኖቹን ጭነን ተነሣን። ሞጆን፣ መቂን አለፍን፤ ባቱ ላይ ቲማቲም ገዛን፤ ላንጋኖ በስተግራችን ቡናማ ውኃዋን ዘርግታ ስትታይ ስልኬ ጮኸ። መምህሩ ናቸው።

«ነገርኳት» አሉ።

«ምን ብለው?»

«ዛሬ መጽሐፌ ይመረቃል፣ ገጽ ዘጠና ሰባት ያንቺ ነው አልኳት።»

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

«እኔ እንጃ። ስልኩን ዘጋሁት።»

በሳቅ ሞትን። ጓደኛዬ ስትስቅ መሪውን የያዘው ሾፌር ሳይቀር ምን እንደተባለ ሳያውቅ አብሮን ሳቀ።

ምርቃቱ ያስተማሩበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ነበር። የድሮ ተማሪዎቻቸው ሞልተውታል፤ ነርስ፣ የእህል ደላላ፣ ባጃጅ ነጂ፣ ጡረታ የወጡትም አሉ፤ ተማሪው ጡረታ የወጣበት መምህር ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። በሁለት ቋንቋ ይሳሳቃሉ፤ «አካም ጂርቱ ቲቸር» ይላሉ ሰላምታ ሲሰጡ ጎንበስ ብለው። እህትየውን ማንም ሳያሳየኝ አወቅኋቸው። ግንባራቸው የወንድማቸው ግንባር ነው። ከገበያ በቀጥታ ስለመጡ ሹራባቸው ላይ የስንዴ ገለባ ነበረ። ጓደኛዬ መጽሐፉን ልትሰጣቸው ስትል «ይቆየኝ፣ መጀመሪያ እሰማለሁ» አሉና ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ።

«አርባ» አለ አንዱ። ስለ አቦምሳ ሙቀት ተነበበ፣ አዳራሹ ሳቀ። «ሁለት መቶ ሦስት» አለች ነርሷ። ስለ ራሷ ክፍል ነበርና ዕንባ በዕንባ ሆነች። ደስታው ወደ ላይ እየወጣ ነው፤ እኔ ጥግ ቆሜ ጫማዬ ውስጥ ጣቶቼ እየደነሱ ነበር። ከዚያ እህትየው ተነሡ።

«ዘጠና ሰባት» አሉ።

መምህሩ ገጹን ገለጡ። መነጽራቸውን አስተካከሉና፣ ከፍርሃት የተነሣ ይመስለኛል፣ ምን እንደሚያነቡ ሳያዩ ጀመሩ።

«ጥያቄ ሠላሳ አንድ። አንድ አሽከርካሪ ወደ እግረኛ ማቋረጫ ሲቃረብ ምን ማድረግ ይኖርበታል? ሀ፣ ጡሩምባ እየነፋ ያልፋል። ለ፣ ፍጥነት ቀንሶ...»

«ለ ነው፣ ቲቸር» አለ ከኋላ አንዱ ባጃጅ ነጂ።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ቀልድ መስሏቸዋል። እኔ ከሣጥኑ አንድ መጽሐፍ ነጥቄ ገለጥኩ። ጥያቄ ሠላሳ አንድ። ሌላ ገለጥኩ። ጥያቄ ሠላሳ አንድ። የመንጃ ፈቃድ ፈተና መለማመጃ ነው፤ ከዘጠና ሰባት እስከ መቶ አሥራ ሁለት፣ የእኛን በሚያህል ወረቀት፣ የዚያ መጽሐፍ ሰባተኛ እጥፍ። ማተሚያ ቤቱ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ክምሮችን አቀያይሯል። እኔም ቁጥሩን ቆጥሬ ልክ ነው ብያለሁ። ጓደኛዬ ጆሮዬ ሥር በኦሮምኛ አንድ ነገር አለች፤ ምን እንዳለች እዚህ አልጽፈውም።

ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ፤ እህትየው አልተቀመጡምና።

«ወንድም ጋሼ፣ የኔ ገጽ ይሄ ነው?» አሉ።

መምህሩ መጽሐፉን ዘጉት። አንድ ጊዜ ወደ እኔ አዩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ አላውቅም። ከዚያ ወደ እህታቸው ዞሩ።

«አይደለም» አሉ። «ያንቺ ገጽ ጠፍቷል። ምን እንደሚል ግን አውቀዋለሁ። ከስምንተኛ ክፍል ያስወጣሁሽ ደመወዜ ስላልበቃ አይደለም። ለሰው ሁሉ እንደዚያ ብያለሁ፣ ላንቺም ብያለሁ፣ ውሸት ነው። ይበቃን ነበር። ከሥራ ስገባ ትኩስ ምሳ ፈልጌ ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። እዚህ ያሉትን ሁሉ ያስተማርኩት አንቺ ባበሰልሽው ነው። አንቺን አላስተማርኩም። ይሄ ነው የሚለው።»

ያ ባጃጅ ነጂ ኮፍያውን አወለቀ። ሁላችንም እህትየው እስኪያለቅሱ ወይ ሄደው እስኪያቅፏቸው እንጠብቅ ነበር፤ እኔማ ዕንባዬ ቀድሞ መጥቶ ነበር። እሳቸው ግን ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ሰማሁ» አሉ። «ግን አንብቢው ብለህ ነው የጠራኸኝ። እኔም ላነብ ነው የመጣሁት። ገጹ ሲገኝ አምጡልኝ።»

ይህን ብለው ወጡ። እህል ተራ ስንዴያቸውን ለጎረቤት ትተው ነበር የመጡት።

አዳማ እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈስኩም፤ ለኔ ይህ ሕመም ነው። ሰኞ ማተሚያ ቤቱ ጋ ደወልኩ፤ ይቅርታ ጠየቁ፣ ግን ወረቀት የለም፣ ሁለት ወር ጠብቁ አሉ። ጮህኩ። መጮሄ ወረቀት አላመጣም። ራሴ ከኮምፒዩተር አትሜ ልውሰድላቸው አልኩና መምህሩን ብጠይቃቸው እምቢ አሉ። «መጽሐፍ ብያታለሁ፤ ብጣሽ ወረቀት አላሳያትም» አሉ። በደብዳቤያችን ላይ ዜናውን እንደነበረ ጻፍኩ፤ ስሕተቱ የማን እንደሆነ፣ ከዚያም ውስጥ የኔ ድርሻ የቱ እንደሆነ። ምክር የሚለው ቦታ ባዶ ሆኖ ወጣ። ያን ወር ከአንባቢዎቻችን የመጣው መልስ ከመቼውም ይበልጥ ነበር፤ አብዛኛው «አሜን» ይላል።

ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት ነው የዚህ ታሪክ ትልቁ ደስታዬ ደረጃውን የወጣው። በአርባዎቹ ውስጥ ያለች፣ የልብስ ስፌት ሜትር አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ የመጣች ሴት ናት። እጇ ላይ የመንጃ ፈቃድ መለማመጃ ይዛለች።

«የዚህ ቀሪው እናንተ ጋ ነው?» አለችኝ።

ገለጠችው። ገጽ ዘጠና ሰባት። የመምህሩ ምዕራፍ፣ አንድ ፊደል ሳይጎድል፣ ከመንገድ ምልክቶችና ከፍሬን ጥያቄዎች መካከል ተጠርዞ። ከገጹ አናት ላይ የመጽሐፋችን ርእስ አለ፤ ያንን ፈልጋ ነው ቻናላችንን ያገኘችው።

«ፈተናው ላይ ይወጣል ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት» አለች። «ሁለተኛውን እንኳ ለፈተናው አይደለም። ልጅቷ ምን ሆነች?»

ጓደኛዬ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ ተነሣች። እኔ ሴትዮዋን አቀፍኳት፤ መርፌ ልብሷ ላይ ሰክታ ኖሮ ወጋኝ፣ ግድ አልሰጠኝም። አሥራ አምስት ዓመት ስለ አንባቢ አውርቻለሁ። ፍሬን መያዝ ልትማር ገዝታ የሰው እህት ያሳሰባት አንባቢ ግን አጋጥሞኝ አያውቅም። መለማመጃውን ሰጥታኝ የእኛን መጽሐፍ ይዛ ሄደች። ለፈተናዋ የጎደለባት አሥራ ስድስት ገጽ ደግሞ በእኛው መጽሐፍ ውስጥ እንዳለ ስነግራት በደረጃው ላይ ስትስቅ እስከ ታች ተሰማኝ።

በማግስቱ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አርሲ ነገሌ እህል ተራ ስደርስ እህትየው ጆንያ መካከል ተቀምጠው ለአንድ ገበሬ በኦሮምኛ ዋጋ ይነግራሉ። መለማመጃውን አውጥቼ በክብር፣ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ሽፋኑ ላይ ያለውን መኪና አዩና እኔን አዩ።

«እትዬ፣ ውስጡ ነው። ከዘጠና ሰባት ጀምሮ። የማተሚያ ቤት ሥራ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ቁጭ በይ» አሉ፤ አንድ ጆንያ አሳዩኝ።

ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር እያስኬዱ አነበቡ። አልቸኮሉም። ገዢ መጣ፤ ቀና ሳይሉ በእጃቸው ቆይ አሉት፣ ቆመ። ሌላም መጣ፣ እሱም ቆመ። እኔ ዝም ብሎ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ፤ ያን ጠዋት የስንዴ ፍሬ ስቆጥር ዋልኩ ማለት ይቻላል። መቶ አራት ላይ ቆም ብለው አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። መቶ አሥራ ሁለትን ጨርሰው ወደ ዘጠና ሰባት ተመለሱ።

«ሰኞ ይላል» አሉ።

«አዎ፣ ሰኞ ጠዋት ነው የሚለው።»

«እስኪሪብቶ አለሽ?»

ሰጠኋቸው። መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ አደላድለው ከጽሑፉ ጎን ባለው ባዶ ቦታ ላይ ቀስ ብለው፣ ፊደሉን እያከበቡ ጻፉ። ሲጨርሱ እፍ አሉበትና ዘግተው መለሱልኝ።

«ውሰጂለት» አሉ፤ ወደ ገዢዎቹም ዞሩ።

መጽሐፉን ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ነው የገለጥኩት። ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። «ሐሙስ ነበር። የሒሳብ ፈተና ነበረኝ። ተዘጋጅቼ ነበር።»

መምህሩ ቤታቸው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ፤ ከአዳማ ስነሣ ደውዬላቸው ነበር። ገብተን መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ከፈትኩላቸው። ኮታቸው ወንበሩ ላይ ተሰቅሏል። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፤ ደግመው አነበቡ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ለማንበብ ያን ያህል የቆየ ሰው አላየሁም።

«እጅ ጽሑፏ አልተለወጠም» አሉ በመጨረሻ። «ፈተና እንዳለባት አላወቅሁም። አልጠየቅኋትም።»

ከኮታቸው ኪስ ቀዩን እስኪሪብቶ አወጡ። የእህታቸውን ጽሑፍ የሚሰርዙት መስሎኝ ደንግጬ እጄን ልዘረጋ ነበር። የራሳቸውን «ሰኞ» በአንድ መስመር ሰረዙና፣ ከእህታቸው ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ጎን ራይት አደረጉ።

«እንዲህ ሆኖ ይታተም» አሉ። «የኔም ስርዝ፣ የሷም ጽሑፍ፣ እንዳለ።»

«እህትዎን ማስፈቀድ አለብኝ» አልኩ፤ በሕይወቴ ከሰጠኋቸው ምክሮች ሁሉ ትክክለኛው እሱ ይመስለኛል። እዚያው ደወልኩ። ከጀርባቸው የገበያው ጫጫታ ይሰማል።

«ምን አለ?» አሉኝ።

«የራሳቸውን ሰርዘው የእርስዎን ራይት አደረጉት።»

አንዱን ገዢ «ቆይ» ሲሉት ሰማሁ።

«ከስንት?» አሉ።

«ምን አሉኝ?»

«ራይት ብቻ ነው? ከስንት ስንት አገኘሁ? ፈተና ነው እኮ። ጠይቂው» አሉ፤ ይስቁ ነበር። «ተዪው፣ አንቺ አትጠይቂው። ራሱ ይምጣና ይንገረኝ። ምሳ ሰዓት ደርሷል።»

ስልኩን ዘግቼ የተባልኩትን ቃል በቃል ነገርኳቸው። መምህሩ ኮታቸውን ከወንበሩ ላይ አንሥተው ለበሱ። ቀዩን እስኪሪብቶ ግን ጠረጴዛው ላይ ትተውት ወጡ።